የህንድ ፖስታ፦ ከድንጋይ ከሰል እስከ እግረኛ

ከለንደን ቦምቤይ የሚላክ ደብዳቤ በሸራ መርከብ አፍሪካን ዞሮ እስኪደርስ ወራት ይፈጅ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ግን መንገዱ ወደ አንድ ወር ገደማ አጠረ። ለዚህ ለውጥ ምስጋናው ዘወትር የሚሰጠው ለእንፋሎት ሞተር ነው። የሞተሩ ድርሻ አይካድም። ነገር ግን የእንግሊዝ ህንድ ፖስታ እንዴት ይሠራ እንደነበር ቀረብ ብሎ ያየ ሰው፣ አገልግሎቱን ያቆመው ከሁሉ በላይ መንግሥት በገንዘቡ የገዛው የጉዞ ቀጠሮ መሆኑን ይረዳል። መርከቡም፣ ወደቡም፣ ግመሉም፣ እግረኛውም ለዚያ ቀጠሮ አዳሪዎች ነበሩ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1830 «ሂዩ ሊንዚ» የተባለች የእንፋሎት መርከብ ከቦምቤይ ተነሥታ ሱዌዝ ለመግባት አንድ ወር ያህል ፈጀባት። ጊዜዋን የበላው የድንጋይ ከሰል ጣጣ ነው። ሆዷ የሚችለው ከሰል ለመንገዱ ሁሉ ስለማይበቃ፣ በየወደቡ አስቀድሞ የተከማቸላትን እየጫነች መቀጠል ነበረባት። ሸራ ነፋስን በነፃ ያገኛል፤ እንፋሎት ግን ማገዶው ቀድሞ ያልደረሰበት ቦታ መሄድ አይችልም። ስለዚህ በቀይ ባሕር በኩል ፖስታ ለመላክ ላሰበ ሁሉ የመጀመሪያው ጥያቄ ከሰሉ የት ይከማች የሚለው ሆነ። መልሱ በጥር 1839 መጣ፤ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ኤደንን በኃይል ያዘ። ሰበቡ የአንዲት መርከብ መዘረፍ ነበር፤ የተፈለገው ግን በሱዌዝና በቦምቤይ መካከል የከሰል ማደሪያ ነው። ከዚያ በኋላ ኤደን ለረጅም ዘመን በቦምቤይ አስተዳደር ሥር ቆየች፤ ከ1854 እስከ 1937ም ደብዳቤዎቿ የህንድ ቴምብር እየተለጠፈባቸው ተላኩ። ፖስታ ቅኝ ግዛትን ተከትሎ ይመጣል ሲባል እንሰማለን፤ ኤደን ላይ ግን የፖስታው መንገድ ራሱ ቅኝ ግዛትን አመጣ።

ሱዌዝ ላይ ባሕሩ ያበቃል። ቦዩ ከመቆፈሩ በፊት ደብዳቤው ከእስክንድርያ በዓባይ በኩል ካይሮ ይገባል፤ ከካይሮ ሱዌዝ ድረስ ያለውን በረሃ ደግሞ በግመል ጀርባ ይሻገራል። ይህን መንገድ ያስለመደው በ1830ዎቹ ከመንግሥት ብዙ ድጋፍ ሳያገኝ የደከመው ቶማስ ዋግሆርን ነው። በ1856 ባቡር እስክንድርያን ከካይሮ አገናኘ፤ በ1858 ሱዌዝ ደረሰ። በኅዳር 1869 ቦዩ ሲከፈት መርከብ ከሜዲትራንያን ወደ ቀይ ባሕር ያለ ማራገፍ ማለፍ ቻለ። ይሁንና የእንግሊዝ ፖስታ ቤት የደብዳቤ ከረጢቶቹ እንደ ውሉ በባቡር እንዲሻገሩ አጥብቆ ያዘ። በቦዩ የምታልፍ መርከብ ከረጢቶቹን በአንደኛው ጫፍ አውርዳ በሌላኛው ጫፍ መልሳ የጫነችበት ጊዜ ነበር። ይህን የቢሮክራሲ ግትርነት ብቻ አድርጎ መቁጠር ይቀላል። እኔ ግን ዋና ማስረጃ አድርጌ እወስደዋለሁ፤ አዲሱ ቦይ መርከብ ሊያዘገይ እንደሚችል የሠጋ መሥሪያ ቤት፣ ቀኑ ከሚዛነፍበት ይልቅ ድርብ የጉልበት ሥራን መረጠ።

ቀጠሮው ውድ ነበር። ፔኒንሱላር ኤንድ ኦሪየንታል የተባለው ኩባንያ በ1844 በገባው ውል ከሱዌዝ እስከ ካልካታ፣ ከሲሎንም እስከ ሆንግ ኮንግ ፖስታ ሊያመላልስ ተስማማ፤ ለዚህም በዓመት 160,000 ፓውንድ ተመደበለት። እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። ንግዱ እንደሆነ እያደገ ነበር፤ ድጎማው ባይኖርም ነጋዴዎች መርከብ ማቆማቸው፣ ደብዳቤም መጫናቸው አይቀርም ነበር ይባላል። እውነት አለው፤ ደብዳቤ በንግድ መርከብም ይሄድ ነበር። ነገር ግን የንግድ መርከብ የሚነሣው ጭነቱ ሲሞላ ነው፤ የፖስታ መርከብ ሞላም አልሞላም ቀኑ ሲደርስ መልሕቋን ታነሣለች። መንግሥት የከፈለው ለዚህ ልዩነት ነበር። አስተዳዳሪው ትእዛዝ መቼ እንደሚደርሰው፣ መልሱም መቼ ለንደን እንደሚገባ ቆጥሮ ማወቅ ነበረበት። ጥድፊያው ባሕር ላይም አላቆመም፤ በህንድ መስመር መርከቦች ላይ ፖስታ ቤት ተከፍቶ ሠራተኞቹ በጉዞ ላይ እያሉ ደብዳቤውን በየከተማው ይለዩ ነበር፤ ቦምቤይ ሲደርሱ ከረጢቱ በቀጥታ ወደ ባቡር ይሄዳል።

ባቡር ከሌለበት ደግሞ ሃርካራ የሚባለው እግረኛ ይቀበለዋል። ከረጢቱን በትከሻው አንግቶ፣ ጦሩን ይዞ፣ ቃጭሉን እያንሿሿ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይሮጥና ለሚቀጥለው ያስረክባል። የእንፋሎት ዘመን ፖስታ የመጨረሻው ጉልበት የሰው እግር ነበር፤ ስለ መርከቦቹ በሚጻፈው ሁሉ ውስጥ እነዚህ ሰዎች መዘንጋታቸው ያሳዝናል።

ከባዱ ተቃውሞ የሚመጣው ከዚሁ ከህንድ ምድር ነው። በጥቅምት 1854 ገዥው ሎርድ ዳልሁዚ ባወጣው ሥርዓት፣ ሩብ ቶላ ማለትም ሦስት ግራም ገደማ የሚመዝን ደብዳቤ በህንድ ውስጥ የትም ይሂድ የትም በግማሽ አና፣ ማለትም በሩፒ አንድ ሠላሳ ሁለተኛ መላክ ጀመረ። ቀድሞ ዋጋው በርቀት ይሰላ ነበር። ከ1880 ጀምሮ ደግሞ ፖስታ ቤቱ የሐዋላ አገልግሎት ስለሰጠ፣ ከተማ የገባ የቀን ሠራተኛ ደመወዙን ለቤተሰቡ መላክ ቻለ። ታዲያ ይህ የሕዝብ አገልግሎት አይደለምን? ነው፤ ይህን መካድ ሕዝቡ በራሱ ብልሃት ያገኘውን ጥቅም መካድ ይሆናል። ማንበብ የማይችለው እንኳ ጸሐፊ እያስጻፈ ተጠቅሞበታል። ሆኖም ርካሹ ዋጋ የመስመሩን አቅጣጫ አልለወጠም። መርከቧ መቼ እንደምትነሣ፣ የት እንደምትቆም የሚወሰነው ለንደን ነበር፤ ግማሽ አና የከፈለው ገበሬ በዚያ ላይ ድምፅ አልነበረውም።

የቀጠሮውን ኃይል አገራችንም አይታዋለች። በ1867 እና 1868 ጄኔራል ናፒየር መቅደላ ድረስ የዘለቀውን ጦር ሲመራ፣ አብሮት የመጣው የህንድ ፖስታ ዙላ ላይ የጦር ሜዳ ፖስታ ቤት ከፈተ፤ የወታደሩ ደብዳቤ የህንድ ቴምብር ተለጥፎበት ከዚያ ይወጣ ነበር። አጼ ምኒልክ በ1894 የራሳቸውን ፖስታ አቋቁመው ፓሪስ ላይ ቴምብር ቢያሳትሙም፣ ነፃነቱ ባሕሩ ዳር ላይ ያበቃ ነበር። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስላልነበረች፣ ወደ አውሮፓ የሚሄድ ደብዳቤ የፈረንሳይን ፖስታ ደጅ መጥናት፣ ቴምብሩንም መጨመር ግድ ይሆንበት ነበር። ያ ሁኔታ የተለወጠው አገሪቱ በ1908 የኅብረቱ አባል ስትሆን ነው።