ዋዛ ያልሆነው ዋዛ

በአማርኛ ዋዛ ማለት ቀልድ ነው። አሶሳ ላይ ግን በርታዎች ዋዛ የሚሉት ከቅል የተሠራ ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ አለ፤ አንዱ ቅል በሌላው አፍ እየተሰካ ይረዝማል። ነፊዎቹ በቡድን ሆነው ሲጫወቱ የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው አንዱ ዜማውን ይመራል፣ ሌሎቹ ያጅባሉ ብሎ ነው። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። እያንዳንዱ ዋዛ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማውን ለብቻው የያዘ ነፊ የለም፤ ሁሉም በየተራው የየድርሻውን ሲያዋጣ አየሩ ላይ ይገጣጠማል።

ስለ ቴሌኮምና ኔትወርክ መማር የሚጀምር ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሰጠው ባለ ሰባት እርከን ሠንጠረዥ ነው፤ ሸምድዶት ይፈተንና ይረሳዋል። እኔ አስተማሪ ብሆን ከዋዛ እጀምር ነበር።

ሞባይል በ1991 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሲገባ ይዞት የመጣው ስልት በተራ መናገር ነው። በዚህ በ2ጂ ስልት አንድ የሬዲዮ ሞገድ ለስምንት ተናጋሪዎች ይከፈላል። ስምንቱ እኩል አይጮኹም፤ እያንዳንዱ ስልክ ድምፃችንን በ20 ሚሊ ሰከንድ እየቆረጠ ይጨምቅና ተራው ሲደርስ ብቻ ፈጥኖ ይልከዋል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ተራው በሰከንድ 217 ጊዜ ያህል ስለሚመላለስ ጆሯችን ክፍተቱን አያውቀውም። ሬዲዮ ግን ያውቀዋል። ሞባይል አጠገቡ ተቀምጦ ሊጠራ ሲል «ድዝ ድዝ ድዝ» የሚል ድምፅ ሰምታችሁ ታውቁ ከሆነ፣ የሰማችሁት ስልኩ ቅሉን ሲነፋ ነው።

በበዓል ማለዳ «እንኳን አደረሳችሁ» ለማለት ስንደውል መስመሩ እምቢ የሚለውም ከዚሁ የተነሣ ነው። አንቴናው በቅርብ ይታያል፣ የስልኩ ምልክት ሙሉ ነው፤ ያለቀው ተራው ነው።

ይህ አሠራር አንድ ብክነት አለበት። ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ አንዱ ማዳመጡ አይቀርም፤ ለእሱ የተያዘው ተራ ግን ዝም ብሎም ይያዛል። ኮምፒዩተር ደግሞ ከሰው ይብሳል፤ ለአፍታ ብዙ ተናግሮ ለረጅም ጊዜ ይተኛል። በ1960ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) አሜሪካ ውስጥ ፖል ባራን፣ እንግሊዝ ውስጥ ዶናልድ ዴቪስ፣ አንዱ ስለሌላው ሳያውቅ አንድ መላ ላይ ደረሱ። ተራ በቋሚነት መያዝ ይቅር፤ መልእክቱ ይቆራረጥና እያንዳንዱ ቁራጭ የላኪና የተቀባይ አድራሻ ይለጠፍበት አሉ። ቁራጩ ዛሬ ፓኬት ይባላል፤ ትልቁ ብዙውን ጊዜ ከ1,500 ባይት አይበልጥም። ስለዚህ የአሶሳን ማንጎ በሦስት ሜጋባይት ፎቶ አንስቶ አዲስ አበባ ላለች እህቱ የላከ ሰው የላከው 2,000 ያህል ቁራጭ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ቢጠፋ ተቀባዩ በቁጥሩ ይለየውና እንደገና እንዲላክለት ይጠይቃል።

ፓኬቱን የሚያሻግረው ራውተር ሙሉውን መንገድ የሚያውቅ ይመስለን ይሆናል፤ አያውቅም። ገጠር ላይ መንገድ የጠየቅነው ገበሬ «ወንዙን ተሻገርና እዚያ ጠይቅ» እንደሚለን ነው። እያንዳንዱ ራውተር የሚያውቀው ቀጣዩን ጎረቤት ብቻ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ መሣሪያዎች ሁሉን የሚያውቅ አለቃ ሳይኖራቸው መግባባታቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ከአንቴናው ወዲያ ያለው ጉዞ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ማይክሮዌቭ ነው፤ ማማዎቹ እርስ በርስ መተያየት ስላለባቸው ኮረብታ ላይ ይተከላሉ። ሌላው ፋይበር ነው፤ ፀጉር በሚያክል መስታወት ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። አሶሳ በምትገኝበት ክልል፣ ጉባ ወረዳ ላይ ከሕዳሴው ግድብ የሚነሱትን ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመሮች ቀና ብሎ ያየ ሰው ከሁሉም በላይ የተዘረጋችውን ቀጭን ሽቦ ልብ ይበል። ሥራዋ መብረቅ መከላከል ነው፤ በእንዲህ ያሉ ከፍተኛ መስመሮች ላይ ግን ብዙ ጊዜ በሆዷ ፋይበር ትሸከማለች።

ከአሶሳ አዲስ አበባ በመኪና መንገድ 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፋይበሩ ያንኑ ያህል ቢረዝም ብርሃኑ በ3.3 ሚሊ ሰከንድ ይደርሳል። ባሕር በር ስለሌለን ከዚያ ወዲያ በጅቡቲና በሌሎች ጎረቤቶች በኩል የባሕር ውስጥ ገመድ ላይ ይወጣል፤ እስከ ፈረንሳይዋ ማርሴይ 7,000 ኪሎ ሜትር ብንለው እንኳ 35 ሚሊ ሰከንድ ነው። ዓይን ጨፍኖ ለመግለጥ ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ታዲያ ድረ ገጹ ለምን አልከፈት ይላል? ርቀቱ አይደለም፤ ወረፋው ነው። ራውተር ላይ የሚመጣው ፓኬት ከሚወጣው ሲበልጥ ፓኬቶች ይሰለፋሉ፤ ሰልፉ ሲሞላ ትርፉ ይጣላል።

«ኔትወርክ የለም» የምንለው ነገር እንግዲህ አንድ በሽታ አይደለም። ስልኩ ላይ የምትታየው ምልክት የምትለካው ከእጃችን እስከ ማማው ያለውን ብቻ ነው። ማዶ ኤክስካቫተር ፋይበሩን ቢበጥሰው ምልክቷ ሙሉ ሆና ትቀራለች። ጀማሪ ተማሪ ሊለምደው የሚገባው የመጀመሪያ ትእዛዝ ፒንግ የሆነው ለዚህ ነው፤ መጀመሪያ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ራውተር ይጠራል፣ ከዚያ ራቅ ያለውን፣ ከዚያ የባሕር ማዶውን። መልስ የጠፋበት ቦታ በሽታው ያለበት አካባቢ ነው።

በኢንተርኔት ስንደዋወል ግን የጠፋውን ፓኬት መልሶ የሚጠይቅ የለም፤ እስኪመጣ ቃሉ ያልፍበታል። ስልኩ ከጎደለው በፊት የነበረውን ድምፅ ለጥጦ ቀዳዳውን ይደፍናል። የዘመድ ድምፅ አንዳንዴ እንደ ቆርቆሮ የሚሆንብን ያን ጊዜ ነው። ዋዛ ነፊም ተራው ካለፈው ዞሮ አይነፋም፤ የሚቀጥለውን ይጠብቃል።