ለድምፅ ተዋናይ ስለሚስማማ የመቅጃ ፕሮግራም
(በሬዲዮ ከተነገረው)



በሬዲዮ ድራማ የሚጫወት ሰው ፊቱን ለአድማጩ ማሳየት አይችልምና፣ ሐዘኑንም ሣቁንም የሚያደርስለት ድምፁ ብቻ ነው። ይህም ድምፅ ከአድማጩ ጆሮ የሚደርሰው በመቅጃው በኩል አልፎ ስለሆነ፣ የመቅጃ ፕሮግራም ምርጫ ለተዋናዩ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያና ትምህርት የሚያስቀርጹ ሠራተኞችም ሊያውቁት ይገባል።

በአገራችን ሙያው እንግዳ አይደለም። «የቀን ቅኝት» የተባለው የሬዲዮ ድራማ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍሎች ተላልፏል። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሲከፈትም የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማጫወት ለብዙ ወጣቶች እንጀራ ሆነ። ዛሬ አንድ ኮምፒዩተርና አንድ ደኅና ማይክሮፎን ያለው ሰው በሰቆጣ ተቀምጦ ለአዲስ አበባ ሊሠራ ይችላል፤ ስለዚህ ምሳሌያችንን ከዋግ ኽምራ ደጋ እንውሰድ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው «ሥራው ምንድን ነው?» ተብሎ ነው። ለድራማና ለማስታወቂያ ንባብ ኦዳሲቲ የተባለው ፕሮግራም ይበቃል። ይህ ፕሮግራም በአሜሪካ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ በ1992 ዓ.ም. ለሕዝብ የወጣ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ያለ ዋጋ ይገኛል። አንባቢው ቃል ሲሳሳት ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሶ፣ የራሱን ድምፅ ሰምቶ፣ ከተሳሳተበት ላይ እንዲቀጥል የሚያደርግ ብልሃትም አለው። መብራት ድንገት ቢጠፋ የተቀዳውን መልሶ ለማግኘት ይሞክራል፤ መብራት በሚቆራረጥበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጉድለቱ ግን በድምፁ ላይ የተደረገው ማስተካከያ ብዙውን ጊዜ በዋናው ቅጂ ላይ መታተሙ ነው፤ ፕሮግራሙ ከተዘጋ በኋላ ወደ ቀድሞው መመለስ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው እትም ይህን በከፊል አሻሽሎታል። ቢሆንም ያልተነካውን ቅጂ በሌላ ስም ማስቀመጥ የተሻለ ነው።

ሥራው በፊልም ላይ ድምፅ መተካት ከሆነ ግን ኦዳሲቲ ሥዕል ስለማያሳይ አያገለግልም። ለዚህ ሪፐር የተባለው ይሻላል፤ ሥዕሉንም ድምፁንም አብሮ ያሳያል፣ ዋናውን ቅጂም ሳይነካ ያስተካክላል። ለ60 ቀን ከተሞከረ በኋላ ለግለሰብ 60 ዶላር ይከፈልበታል። አዶቤ ኦዲሽን የተባለው መልካም መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን በኪራይ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበትና ፈቃዱን በየጊዜው በኢንተርኔት የሚያረጋግጥ ስለሆነ፣ በደመወዝ ለሚኖር የሰቆጣ ሰው አልመክረውም።

ከፕሮግራሙ ስም ይልቅ የሚያሳስበኝ አጠቃቀሙ ነው። በዋግ የሚነገረው ኽምጥኛ ስሙ ራሱ በ«ኽ» ይጀምራል፤ ይህ ድምፅ ከጉሮሮ በኩል እንደ ትንፋሽ የሚወጣ ነው። የጩኸት ማጥሪያው በኃይል ሲሠራ «ኽ»ን ከነፋስ ሹክሹክታ መለየት ስለሚሳነው ሸርፎ ይጥለዋል፤ አድማጩም ቃሉን ሌላ አድርጎ ይሰማዋል። አማርኛም ከዚህ አያመልጥም። «ይመታል» ላልቶ ሲነገር መቺውን ነው፣ ጠብቆ ሲነገር ተመቺውን ነው። «ተ» ሲጠብቅ ምላስ ለቅጽበት አየሩን ዘግታ ዝም ትላለች፤ ያቺ ዝምታ የቃሉ አካል ናት። ዝምታ እንዲያሳጥር የታዘዘ ፕሮግራም ልኩ በጣም ካነሰ ያቺን ቅጽበት ቆርጦ፣ መቺና ተመቺን ያቀያይርብናል። ስለ ጤና ወይም ስለ ፍርድ ቤት በሚነገር ትምህርት ላይ ይህ ቢደርስ ጥፋቱ ቀላል አይደለም። እንግዲህ ዝምታ የሚያሳጥረው ከግማሽ ሴኮንድ በታች እንዳይታዘዝ፣ ማጥሪያውም በጥቂቱ እንዲሠራ ያስፈልጋል።

ማጥሪያው እንዲቀል ደግሞ ክፍሉ ይጠራ። የድንጋይ ግድግዳ ድምፅን መልሶ ይወረውራል፤ የበግ ጠጉር ባና ከተዋናዩ ጀርባና ጎን ቢሰቀል ከብዙ ፕሮግራም ይበልጣል። በክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ግን ማንም ፕሮግራም አያድንምና ሥራውን ለንጋት ማሳደር ነው። ከንባቡ በፊት የክፍሉን ጸጥታ ብቻ ለጥቂት ሴኮንድ መቅዳት አይረሳ፤ ማጥሪያው ጩኸቱን የሚያውቀው ከዚያ ነው።

የድምፁ ከፍታ ከዜሮ በታች ከ12 እስከ 6 ዴሲቤል መካከል ይሁን፤ ቅጂውም በሴኮንድ 48,000 ናሙና፣ በ24 ቢት፣ በአንድ መሥመር ይሁን። በዚህ ልክ አንድ ሰዓት 518 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። ብዙ ሰው የኦዳሲቲን የሥራ ፋይል እንዳለ ይልካል፤ ተቀባዩ ኦዳሲቲ ከሌለው ሊከፍተው አይችልም። ወደ ዋቭ ተለውጦ ይላክ፤ መሥመሩ ቀርፋፋ ከሆነ ጥራቱን ሳይቀንስ በሚያሳንሰው በፍላክ ይላክ። ያም ካልሆነ ቅጂውን በፍላሽ ገልብጦ፣ አንዱን ለራስ አስቀርቶ፣ ሌላውን በአውቶቡስ ለሚሄድ ሰው ማስያዝ ነው።