ባለ ቱርቦ ሞተር ጉልበት ሲያጣ

ከጅቡቲ ወደብ ጭነው በጋላፊ በኩል ወደ አገራችን የሚጓዙትን ከባድ መኪኖች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። በከተማው ጋራዦች ሥራ የሚለማመዱ ተማሪዎቻችን «ሞተሩ ደህና ሆኖ ሳለ ጉልበት የሚያጣው ለምንድን ነው?» እያሉ ይጠይቁናል። መልሱን ባጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ናፍታ ያለ አየር አይቃጠልም። ቱርቦ ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ያስገባል። በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል። ይሁን እንጂ አየር በየቦታው አንድ አይደለም። ጅቡቲ ከተማ በባሕር ጠረፍ ላይ ስትሆን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚያ ያለው የአየር ግፊት እዚህ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የሐምሌ ሙቀትም አየሩን ያሳሳዋል።

ይህን ሁሉ የሚያመዛዝነው የሞተሩ ኮምፒውተር ነው። ሴንሰሮች የአየሩን ግፊትና ሙቀት፣ የሞተሩን ፍጥነት፣ ሾፌሩ ነዳጅ መስጫውን ምን ያህል እንደረገጠ ይነግሩታል። እርሱም ኢንጀክተሮቹ መቼና ምን ያህል ናፍታ እንደሚረጩ ያዛል፤ በብዙ መኪኖች የቱርቦውንም ግፊት ይቆጣጠራል። አየር ሲያንስ ናፍታውን ይቀንሳል። አለበለዚያ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ከመጠን በላይም ይግላል።

የሚደርሰው መረጃ ካልተስማማለት የማስጠንቀቂያ መብራት ያበራል፤ ሞተሩንም ለማዳን ጉልበቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ጉልበት ማጣት ሁልጊዜ የቱርቦ ብልሽት አይደለም። አንድ ተማሪያችን በሚሠራበት ጋራዥ ቱርቦው ሊለወጥ ከተወሰነ በኋላ፣ የተገኘው ጥፋት የተሰነጠቀ የአየር ላስቲክ ሆነ። ባለ መኪናው ከብዙ ወጪ ዳነ።

እንግዲህ ቱርቦ ከመፍታታችን በፊት የሚከተሉትን እናስታውስ፦

1ኛ/ የተመዘገበውን የብልሽት ቁጥር በመሣሪያ እናንብብ።

2ኛ/ የአየር ማጣሪያውን፣ ላስቲኮቹንና የሽቦ መጋጠሚያዎቹን እንመርምር።

3ኛ/ መብራቱ እንዲጠፋ ብለን የሴንሰር ሽቦ አንቁረጥ። ኮምፒውተሩን ማሳወር ይሆናል።

4ኛ/ መኪናው ዳገት ወጥቶ ሲቆም ወዲያው አናጥፋ። ቱርቦው እንዲበርድ ጥቂት ደቂቃ በሚኒሞ ይሥራ።

ወጣቶች ሆይ፣ በስደት ብዙ ነገር ከእጃችን ወጥቷል። የተማርነውን ሙያ ግን ማንም አይወስድብንም። እንግዲህ መፍቻ ከማንሳታችን በፊት ምክንያቱን መጠየቅ እንልመድ።