ማብሪያ ማጥፊያው

አንዲት ሴት ልትተኛ ስትል የኮሪደሩን መብራት ታጠፋለች። ከወዲያኛው ጫፍ የሰው ጥላ የመሰለ ነገር ቆሟል። ታበራለች፤ ማንም የለም። ታጠፋለች፤ አለ። «ላይትስ አውት» የተባለው የስዊድን አጭር ፊልም እንዲህ ይጀምርና ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል።

ዴቪድ ሳንድበርግ እ.ኤ.አ. በ2013 በመኖሪያ ቤቱ ሠራው፤ ተዋናይዋ ሚስቱ ሎታ ሎስተን ናት። ካሜራው ከቦታው ሳይነቃነቅ አንዴ ከነጥላው፣ አንዴ ያለ ጥላው ይቀርጻል፤ ከዚያ ሁለቱ ምስሎች ይጋጠማሉ። ድምፁን ቀንሶ በጠራራ ፀሐይ በስልክ ያየ ሰው «አያስፈራም» ባይል መልካም ነው፤ ፊልሙን ገና አላየውም።

ብዙዎች አጭር ፊልም የረጅሙ ቅንጫቢ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ጀማሪዎች የመንፈሱን የሕይወት ታሪክ በአምስት ደቂቃ ሊጨርሱ ይጣደፋሉ፤ ተመልካቹ ለመደንገጥ ጊዜ ያጣል። ሙሉ ፊልም የሚወጣው ከታሪክ ብዛት ሳይሆን ከአንድ ጥብቅ ሕግ ነው። እዚህ ሕጉ ብርሃን ሲኖር ጥላው የለም፣ ብርሃን ሲጠፋ አለ የሚል ነው። ሳንድበርግ ይህን ያስረዳው አንድ ቃል ሳያናግር፣ በማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ነው።

የአስፈሪ ፊልሞች ዳይሬክተር ጄምስ ዋን ነገሩ ቶሎ ቢገባው አያስገርምም። እሱም ከጸሐፊው ሊ ዋኔል ጋር «ሶው» የተባለውን ፊልም ለማሠራት ገንዘብ ሲፈልግ በ2003 አጭር ፊልም ይዞ ነበር የዞረው። «ላይትስ አውት»ን ወደ ሙሉ ፊልም ለመቀየር ፕሮዲውስ ሲያደርግ ዳይሬክተርነቱ ለራሱ ለሳንድበርግ ተሰጠ። በ2016 የወጣው ሙሉ ፊልም 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት ከ148 ሚሊዮን በላይ አስገባ።

ፊልሙ የሚደክመው ጭራቋ ዲያና ከየት እንደመጣች ሊያስረዳ ሲቀመጥ ነው። ሕጉን ሲያሠራው ግን ድንቅ ነው። ከመስኮት ውጭ የአንድ ንቅሳት ቤት ቀይ የኒዮን መብራት ብልጭ ድርግም ሲል እሷም በዚያው ልክ ትመጣለች፣ ትሄዳለች። ፖሊስ ሲተኩስባት የጥይቱ ብልጭታ ራሱ ያጠፋታል፤ ጥይቱ ባዶ ቦታ ይመታል። ከሁሉ የሚልቀው ግን ብሬት የተባለው ገጸ ባሕርይ ከቤት ሮጦ ሲወጣ ነው። ጨለማው ውስጥ ትደርስበታለች። እጁ ላይ የመኪና ቁልፍ አለ፤ ይጫነዋል። የፊት መብራቱ ቦግ ይላል፤ ግቢው ውስጥ ብቻውን ነው።