ሹም ቢነሳ ማዕዱ እንዳይነሳ

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ሽሮ ሜዳ በሽመናና በባህል ልብስ ገበያ ትታወቃለች። ፋሲካን የመሰለ በዓል ሲደርስ ጥበቡ ይሸጣል፣ ሸማኔው የከርሞ ቀለቡን ያስባል። በ2012 ግን ኮሮና ገብቶ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር። የዕለት ገቢ ለሚጠብቅ ቤተሰብ ፈተናው ድርብ ሆነ።

በምክትል ከንቲባ ታከለ ኡማ የሚመራው የአዲስ አበባ አስተዳደር ያን ጊዜ የምግብ ባንክ አቋቋመ። ያለው ዱቄት፣ ዘይት፣ ፓስታ እያዋጣ ለሌለው እንዲደርስ ነበር ሐሳቡ። «ማዕድ ማጋራት» የሚለው ጥሪም በየመንደሩ ተሰማ።

በዚያው ሰሞን መጨናነቅን ለመቀነስ ሲባል አትክልት ተራ ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። ቲማቲሙና ጥቅል ጎመኑ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ሩቅ ባልሆነ ሜዳ ላይ ይራገፍ ጀመር፤ ክረምቱ ሲገባም ገበያውን ጭቃ ዋጠው። የምግብ ባንክ ብዙ ጊዜ የሚቀናው ዱቄትና የታሸገ ነገር ማከማቸት ነው። አትክልት ግን ቀን አይሰጥም፤ ፈጥኖ ካልተነሳ ይበሰብሳል።

ይህን ቋጠሮ አሜሪካዊው ጋሪ ማክስዎርዚ በካሊፎርኒያ ፈትቶታል። ዕድሜውን በምግብ ንግድ ያሳለፈ ሰው ነው። በሳን ፍራንሲስኮ የምግብ ባንክ በበጎ ፈቃድ ሲያገለግል፣ ገበሬዎች መልኩ ስላላማረ ብቻ የሚጥሉትን ፍራፍሬና አትክልት ልብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 ምርቱን ከእርሻ በቀጥታ ወደ ምግብ ባንኮች የሚያጓጉዝ ፕሮግራም ጀመረ።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ፣ ታከለ ኡማ ነሐሴ 12 ቀን 2012 ከኃላፊነታቸው ተነስተው የማዕድንና ነዳጅ ሚኒስትር ሆኑ፤ ወንበሩን አዳነች አቤቤ ተረከቡ። በእንዲህ ያለ የሥልጣን ርክክብ የቀድሞው ሹም የጀመረው ሥራ አብሮት ሲሄድ ማየት ለእኛ አዲስ አይደለም።

የተማሪዎች ምገባ ግን ቀጠለ። በ2012 የትምህርት ዘመን 300 ሺህ ያህል የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎችን ይዞ የተነሳው ሥራ በተተኪዋ ዘመን ከ700 ሺህ በላይ ደረሰ። «ተስፋ ብርሃን» የተባሉ የምገባ ማዕከላትም ለአቅመ ደካሞች ተከፈቱ። ምገባው በጀት ተመድቦለታል፤ ወጥ ቤት አለው፤ በየትምህርት ቤቱ የሚያበስሉ እናቶችም እንጀራቸው ከእሱ ጋር ተሳስሯል። በዘመቻ የሚሰበሰብ እርዳታ እንዲህ ያለ ሥር የለውም።

አትክልት ተራም በቀጣዩ ዓመት ከጃንሜዳ ወደ ሃይሌ ጋርመንት ሄዷል። ከተማዋ አሁን ሰፊ የጅምላ ገበያና በየቀኑ የሚነድ የምገባ ምድጃ አላት። ሁለቱን የሚያገናኝ መኪና፣ አትክልቱን የሚለይ ሠራተኛና ቋሚ በጀት ሊመደብ ይገባል፤ ሥራው ከአንድ ሹም ፈቃድ ይልቅ በደንብ ቢታሰር ደግሞ ተተኪው ከዜሮ አይጀምርም።