ሁለት ካርድ ለአንድ ወንበር? የጌም ቤት ባለሀብት ሒሳብ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የሚገኙት ፍኖተ ሰላምና ቡሬ በበቆሎና በበርበሬ ንግዳቸው ይታወቃሉ። በእነዚህ ከተሞች የኮምፒዩተር ጌም ቤት ለመክፈት የሚያስብ ባለሀብት ግን በእህል ገበያ ያልለመደው ጥያቄ ይገጥመዋል። ለአንድ ኮምፒዩተር አንድ ጠንካራ የግራፊክስ ካርድ ይግዛ ወይስ ሁለት ያገለገሉ ካርዶችን ያጣምር?

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ስሪዲኤፍኤክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 ሁለት «ቩዱ 2» ካርዶችን አጣምሮ የሚያሠራ ዘዴ ለገበያ አቀረበ። በ2004 ኤንቪዲያ «ኤስኤልአይ»ን፣ በ2005 ደግሞ ተፎካካሪው ኤቲአይ «ክሮስፋየር»ን ይዘው መጡ።

ነገሩን የጎጃም ገበሬ በቀላሉ ይረዳዋል። ሁለት በሬዎች ቀንበር ስለተጫነባቸው ብቻ አያርሱም፤ እርምጃቸው መግጠም፣ አራሹም መኖር አለበት። ተጣማሪ ካርዶችም ብዙውን ጊዜ ምስሉን ተራ በተራ ስለሚሠሩ እርምጃቸው ካልገጠመ ምስሉ ይቆራረጣል። ጌሙ ለሁለት ካርድ ካልተዘጋጀ ደግሞ ሁለተኛው ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። የማስታወሻ አቅምም አይደመርም። ባለ 8 ጊጋባይት ሁለት ካርዶች ተመሳሳይ መረጃ ስለሚይዙ ለተጫዋቹ ያው 8 ጊጋባይት ናቸው።

አምራቾቹም ፊታቸውን አዙረዋል። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. ከ2021 መግቢያ ጀምሮ ለኤስኤልአይ አዲስ የጌም ማስተካከያ ማውጣት አቁሟል። በ2022 የወጡት «አርቲኤክስ 40» የጌም ካርዶችም ማጣመሪያ የላቸውም።

የመብራቱ ወጪ ሌላው ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው «ጂቲኤክስ 1080» 180 ዋት ይፈልጋል፤ ሁለቱ 360 ዋት። በዚህ ላይ ከፍ ያለ ፓወር ሰፕላይ ያስፈልጋል፤ መብራት ሲጠፋ የሚተካው ጄኔሬተርም የዚያኑ ያህል ሸክም ይበዛበታል።

ያገለገለ ካርድ የሚገዛ ነጋዴ የዕቃውን ታሪክ መጠየቅ አለበት። ኢቴሪየም እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 አሠራሩን ሲለውጥ ለክሪፕቶ ሥራ ቀንና ሌሊት ሲነዱ የቆዩ ብዙ ካርዶች ለሽያጭ ወጥተዋል። በዚያ ሥራ ካርድ ማብዛት ያዋጣ የነበረው እያንዳንዱ የየራሱን ስለሚሠራ ነው። ለሕንፃ ንድፍ ምስል ሥራም ሁለት ካርድ እስካሁን ይጠቅማል። ለጌም ግን አይደለም።

የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ በሚመጣ ዕቃ ላይ መሳሳት የበለጠ ያስከፍላል። ጌም ቤት የሚሸጠው ወንበርና ሰዓት ነው። ሁለት ካርድ በአንድ ኮምፒዩተር አንድ ደንበኛ ያስቀምጣል፤ በሁለት ኮምፒዩተር ግን ሁለት ከፋይ። ስለዚህ ለሁለተኛው ካርድ ገንዘብ ያለው ነጋዴ ሁለተኛ ወንበር ቢጨምርበት ይሻለዋል።