በአሮጌ ዕቃ የሚለማ አትክልት፦ ለውርጭ አገር የሚስማማ ጓሮ

ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ በደብረ ብርሃን ዙሪያ የሚኖረው ገበሬ በአንድ ዓይኑ የእህሉን መድረስ፣ በሌላው የውርጩን መምጣት ይጠባበቃል። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚገኘው በዚህ ደጋ፣ ማታ ለምለም ሆኖ የታየው የድንችና የቃሪያ ቅጠል ጠዋት ጠቁሮ ይገኛል። ኅዳር 15 ቀን ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል። ጓሮው በውርጭ የተመታበት ቤተሰብ አትክልቱን ከገበያ ይገዛል፤ ገንዘብ ከሌለው ሽሮውን ያለ ጎመን ይበላል።

ይህን ጉዳት ለመቀነስ የሚረዳ አንድ ዘዴ በየቤቱ ደጃፍ ተጥሎ ይገኛል። የተሰነጠቀ ጀሪካን፣ ያረጀ ባልዲ፣ የዱቄት ወተት ጣሳ፣ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ሁሉ አትክልት ሊበቅልባቸው ይችላል። ጤና አዳምና አበባ በጣሳ ተክሎ በረንዳ ላይ ማስቀመጥ በከተሞቻችን የቆየ ልማድ ነው። ልማዱን ወደ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ማስፋፋት ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

የዕቃ ጓሮ ጥቅም

በመደብ ላይ የተተከለ ችግኝ ውርጭ ሲመጣ ከቦታው አይነሳም። በባልዲ የተተከለው ግን ቀን ፀሐይ ሲሞቅ ውሎ ማታ ከቤቱ ክፈፍ ሥር ሊገባ ይችላል። በተለይ የድንጋይ ግድግዳ ቀን የሳበውን ሙቀት ሌሊት ስለሚለቅ አጠገቡ ያለውን ተክል ይረዳል። በላዩ ጆንያ ጣል ተደርጎ ጠዋት ቢነሳ ደግሞ ይበልጥ ይጠበቃል።

ሁለተኛው ጥቅም ከአፈሩ ጋር የተያያዘ ነው። ዋልካ አፈር በክረምት ውሃ ይቋጥራል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በዕቃ ውስጥ ግን አፈሩን መርጦና ደባልቆ ማዘጋጀት ይቻላል። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው በገደላማው አንኮበር ደግሞ ዋናው ችግር ሜዳ ቦታ ማጣትና የአፈር መታጠብ ነው። እዚያ አንድ ከረጢት አፈር ጎርፍ የማይወስደው ትንሽ ማሳ ይሆናል። በናይሮቢ ከተማ ኪቤራ በተባለው የተጨናነቀ ሠፈርም መሬት የሌላቸው ቤተሰቦች በከረጢት ጎመን ያመርታሉ።

አሠራሩ

በመጀመሪያ የዕቃው ታች በምስማር ይበሳል፤ ውሃ መውጫ ካጣ ሥሩ ይበሰብሳል። ከታች ጥቂት ጠጠር ይደረግና ከላይ አንድ እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ተደባልቆ ይሞላል። ለሰላጣና ለቆስጣ አንድ ስንዝር ጥልቀት ይበቃል፤ ለካሮት፣ ለድንችና ለጎመን አንድ ስንዝር ተኩል ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል።

በከረጢት ሲሆን፣ ሁለቱም ጫፉ ክፍት የሆነ ጣሳ መካከሉ ላይ ይቆማል። ጣሳው በጠጠር፣ ዙሪያው በአፈር ይሞላና ጣሳው ወደ ላይ ይሳባል፤ እንዲህ እየተባለ ከረጢቱ እስኪሞላ ይቀጠላል። የጠጠሩ ዓምድ ውሃውን እስከ ታች ያደርሳል። ችግኙ ከላይም፣ ጎን ለጎን በተበሱ ቀዳዳዎችም ይተከላል። የሞላ ከረጢት ስለማይነሳ ከመጀመሪያው ከነፋስ የተከለለና ፀሐይ የሚያገኝ የግድግዳ ጥግ ይመረጥለታል። የፀረ ተባይ ወይም የፀረ አረም መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ግን ፈጽሞ ለዚህ ሥራ አይውልም።

ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ችግሮች

የዕቃ ጓሮ ቶሎ ይደርቃል። በበጋ ትንሹ ባልዲ በየቀኑ ውሃ ይፈልጋል፤ ውሃ ቀጂዎቹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እናቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ስለዚህ ቤተሰቡ መትከል ያለበት ውሃው የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው። አትክልትና እህል የታጠበበት ውሃ ባይደፋ ድካሙን ያቀላል። ውሃውን ጠዋት ማጠጣት ይመረጣል።

ሌላው ችግር ፍግ ነው። ማገዶ ባነሰበት በዚህ ደጋ ፍጉ ኩበት ሆኖ ይነዳል፣ ይሸጣልም። ለማሳ የሚበቃ ፍግ ማግኘት ለብዙው ቤተሰብ ከባድ ነው፤ ለአምስት ባልዲ የሚሆን ኮምፖስት ግን ከቤት ጥራጊ፣ ከቅጠላ ቅጠልና ከጥቂት እበት ሊገኝ ይችላል።

የመሪዎች ድርሻ

በኅዳር 2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር የቤተሰብን ማዕድ የማሻሻል ዓላማ አለው። የዕቃ ጓሮም ለዚሁ ዓላማ አነስተኛ ግን ጠቃሚ ድጋፍ ነው። የማሳን ሥራ አይተካም፣ ቤተሰብንም ብቻውን አይመግብም። ይሁን እንጂ መሬት ያልደረሰው ወጣት፣ በኪራይ ቤት የሚኖር ሠራተኛ፣ ከቀዬው ተፈናቅሎ በከተማ የተጠለለ ቤተሰብ ሁሉ ሊሠራው የሚችል ነው።

የገጠር ቀበሌና የኅብረት ሥራ ማኅበራት መሪዎች በቅድሚያ በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ወይም በትምህርት ቤት ደጃፍ ጥቂት ዕቃዎች አስተክለው ቢያሳዩ ሰው ከቃል ይልቅ በዓይኑ አይቶ ይማራል። ጊዜውም ሊታሰብበት ይገባል፤ ችግኙ ውርጩ ሳይገባ እንዲጠነክር መስከረም ላይ መተከል አለበት። በሪፖርት ላይ የሚቆጠረውም የተከፋፈለው ከረጢት ብዛት ሳይሆን፣ በታኅሣሥ ወር ከደጃፉ ጎመን ቀጥፎ የበላው ቤተሰብ ብዛት ሊሆን ይገባል።